ታዳጊ ተጫዋቾች በውድድር ዘመን ውስጥ እንዴት ይለወጣሉ? በሜትርና በደብተር የመከታተያ ዝርዝር መመሪያ

ታኅሣሥ ላይ ማንም የማይደርስበት የነበረ የክንፍ ተጫዋች መጋቢት ላይ ተከላካዩ ሁሉ ይቀድመዋል። ሜዳ ዳር የቆመ ሰው የየራሱ መላ ምት አለው። አንዱ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይላል። ሌላው «ምግብ ነው» ይላል። አሰልጣኙ ደግሞ «ሩጫ ይጨመርለት» ብሎ ይፈርዳል። ቁጥር በእጁ የያዘ ግን የለም። ልጁ በሦስት ወር ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ተመዝዞ ሊሆን ይችላል። ወይም ከኅዳር ወዲህ አንድም ቀን በሙሉ ፍጥነቱ ሮጦ አያውቅ ይሆናል። ሁለቱ ችግሮች መፍትሔያቸው ይለያያል። ሩጫ መጨመር ደግሞ የሁለቱም መፍትሔ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን እግር ኳስ ለሚያሠለጥኑ፣ ጂምም ጂፒኤስም የቡድን ሐኪምም ለሌላቸው የሰፈርና የትምህርት ቤት አሰልጣኞች ነው። የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ኮን፣ ሁለት ስልክ፣ ድምፅ ማጉያና አንድ ደብተር ነው። ምሳሌዎቹን አዲስ አበባ ላይ አድርጌያለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ወደራሳችሁ መልሱት።

ከመለካት በፊት፦ ምን እንደሚመጣ እወቁ

በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ የልጆች አካል ብቃት አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ አይልም። ጽናት በዝግጅት ጊዜ በደንብ ይጨምራል። ውድድር ሲጀመር ደግሞ ጨዋታው ራሱ ስለሚያሠራቸው ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። ፍጥነትና ዝላይ ግን እንዲህ አይደሉም። ሳምንቱ በጨዋታና በድካም ሲሞላ፣ ልምምዱም በታክቲክ ሲያልቅ፣ ሳይታወቅ ይደነዝዛሉ። ልጁ 80 ደቂቃ ስለጨረሰ ደህና ይመስላል። የጠፋችው ያቺ የመጀመሪያዋ 10 ሜትር ናት።

በዚህ ሁሉ ላይ ዕድገት አለ። ወንዶች ልጆች በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ፣ ሴቶች 12 አካባቢ በጣም የሚረዝሙበት ጊዜ አላቸው። በዚያ ጊዜ አንድ ወንድ ልጅ በዓመት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላል። ጡንቻም ይከተላል። ስለዚህ ያለ ምንም ልምምድም ቢሆን የ13 ዓመት ልጅ በዓመቱ ትንሽ መፍጠኑ፣ ትንሽም ከፍ ብሎ መዝለሉ አይቀርም።

የዚህ መመሪያ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ለአዋቂ ተጫዋች «ቁጥሩ አልተለወጠም» ማለት ጥሩ ዜና ነው። ለታዳጊ ግን በስምንት ወር ውስጥ ያልተለወጠ ቁጥር ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ዕድገቱ የሰጠውን ልምምዱ ወይም ድካሙ በልቶበታል።

ደረጃ 1፦ አራት ቀን ቁረጡ

የውድድሩ መርሐ ግብር እጃችሁ እንደገባ የመለኪያ ቀኖቹንም አብራችሁ ቁረጡ። አንደኛው ዝግጅት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሁለተኛው ዝግጅት አልቆ የመጀመሪያው ጨዋታ ከመድረሱ በፊት። ሦስተኛው የውድድሩ እኩሌታ ላይ። አራተኛው ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ባለው ሳምንት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በየወሩ የሚፈትን አሰልጣኝ ልምምዱን ፈተና ያደርገዋል፤ ልጆቹም ይሰለቹታል። በየወሩ የሚለካው ቁመት ብቻ ነው።

ቀኑ ከጨዋታ ቢያንስ 48 ሰዓት ይራቅ። ሰዓቱ፣ ሜዳውና ጫማው ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ጭቃ ሜዳ ላይ የተለካ 30 ሜትር ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከተለካው ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ በታኬታ ከሮጠ ሁሌም በታኬታ ይሩጥ። ዝናብ ከጣለ ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

አንድ ሌላ ነገር አለ። «ቁርስ በልተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት። ባዶ ሆዱን መጥቶ የደከመን ልጅ «ብቃቱ ወረደ» ብላችሁ እንዳትመዘግቡት ነው። ሲጠየቅ ግን ጓደኞቹ ፊት አይሁን።

ደረጃ 2፦ አራት ነገር ብቻ ለኩ

ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ቁመት፣ ዝላይ፣ አጭር ሩጫ፣ በመጨረሻ ረጅሙ ሩጫ። የሚያደክመው መጀመሪያ ከመጣ የቀረው ሁሉ ይበላሻል።

ቁመት። ልጁ ጫማውን አውልቆ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይደገፍ። ተረከዙ፣ መቀመጫውና ትከሻው ግድግዳውን ይንካ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናቱ ላይ አግድማችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ጠዋት የጀመራችሁ ሁሌም ጠዋት ለኩ። ክብደትም ሚዛን ካላችሁ ያዙ፤ ግን ጮክ ብላችሁ አታንብቡት። በተለይ ሴት ልጆች ክብደታቸው በቡድኑ ፊት ከተጠራ በኋላ ምግብ መቀነስ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ዝላይ። ይህ በጣም ርካሽና በጣም የሚናገር መለኪያ ነው። ልጁ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቁም። የመሀል ጣቱን ጫፍ ጠመኔ ቀቡት። እግሩን ሳያነሣ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበትን ይንካ። ከዚያ ሳይንደረደር፣ ካለበት ጉልበቱን አጥፎ ይዝለልና ጫፍ ላይ ይንካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ዝላዩ ነው። ሦስት ጊዜ ይሞክር፣ የተሻለውን ጻፉ። ስህተቱ የሚገባው በመጀመሪያው ምልክት ላይ ነው። ብልጥ ልጅ ትከሻውን ሰብስቦ ዝቅ አድርጎ ይነካና 4 ሴንቲ ሜትር በነጻ ያገኛል። «እስከ መጨረሻው ዘርጋ» በሉት፤ ብብቱ እስኪወጠር።

30 ሜትር። መነሻና መድረሻ ላይ ኮን አኑሩ፤ መድረሻው ላይ ሁለት ሰው ስልክ ይዞ ይቁም። ሰዓቱ የሚጀምረው በፊሽካ ሳይሆን ልጁ መጀመሪያ በተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ነው፤ ለመንቃት የወሰደበት ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነውና። የሁለቱን ሰዓት አማካይ ውሰዱ። በመሀሉ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እያረፈ ሁለት ጊዜ ይሩጥ። መጨረሻው ላይ ፍጥነት እንዳይቀንስ ሌላ ኮን 5 ሜትር አልፎ አስቀምጡና «እዚያ ድረስ» በሉት። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ብዙውን ጊዜ 0.2 ሰከንድ ያህል ያፈጥናል። ኢንተርኔት ላይ ካገኛችሁት የአውሮፓ አካዳሚ ቁጥር ጋር አታስተያዩት።

ረጅሙ ሩጫ። ለኳስ ተጫዋች ከ12 ደቂቃው የኩፐር ሩጫ ይልቅ የዴንማርኩ የንስ ባንግስቦ ያዘጋጀው ዮ-ዮ ፈተና ይሻላል፤ መሮጥ፣ መዞር፣ ማረፍ፣ እንደገና መሮጥ አለበትና። 20 ሜትር ሄዶ ይመለሳል፣ ከመነሻው ጀርባ ባለች 5 ሜትር ውስጥ ለ10 ሰከንድ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ደረጃ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ይነሣና ፍጥነቱን የድምፅ ምልክት እያዘዘ ይጨምራል። ድምፁ ስልክ ላይ በቀላሉ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ድምፁ የቀደመው ይወጣል። የሚመዘገበው የሸፈነው ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ከፍታን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ረጅሙ ሩጫ ይከብዳል፤ አጭሩ ግን አየሩ ስለሚሳሳ እንዲያውም ትንሽ ይቀላል። 2,240 ሜትር ላይ ያለችው ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ ይህን ለዓለም አሳይታለች። በአጭር ሩጫና በርዝመት ዝላይ ክብረ ወሰን ተሰባበረ፣ ማራቶኑን ደግሞ ከፍታ የለመደው ማሞ ወልዴ ወሰደው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የተሠራ የዮ-ዮ ውጤት አዲስ አበባ ላይ ከተሠራው ጋር ጎን ለጎን አይቀመጥም። የልጁ ተፎካካሪ የራሱ ያለፈው ቁጥር ነው።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ስህተት ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አለመዝለል ነው የሚሻለው። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ስድስት ልጆችን ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ለኩ። በሁለት ቀን ማንም አልጎበዘም፣ ማንም አልሰነፈም። ታዲያ በዝላይ የ2 ሴንቲ ሜትር፣ በ30 ሜትር የ0.1 ሰከንድ ልዩነት ካገኛችሁ ያ የእናንተ የመለካት ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ያነሰ ለውጥ ስታዩ አትደሰቱ፣ አትቆጡም። በ0.05 ሰከንድ ልጅ ከቋሚ ተሰላፊነት የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ደረጃ 4፦ ዕድገቱን ከልምምዱ ለዩ

የወር በወር ቁመት በስህተት የተሞላ ስለሆነ ውሳኔ የምትሰጡት በሦስት ወር ድምር ነው። በሦስት ወር 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የረዘመ ልጅ ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት ይደረግበት። ቅጣት አይደለም፤ «ተጠንቀቁለት» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ እግር ከወገብ በላይ ካለው አካል ቀድሞ ይረዝማል። ልጁ ትናንት የለመደው እግር ዛሬ የለም። ኳስ ሲቆጣጠር ይንገዳገዳል፣ ሲዞር ይዘገያል። አንዳንዱ ከጉልበት ሎሚው በታች ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ተረከዛቸው ላይ ሕመም ይጀምራቸዋል። ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን የአጥንት ጫፍ ስለሚጎትተው ነው። «ጎረምሳ ነው፣ ይለፈው» ተብሎ በላዩ ላይ አይሮጥም። ዝላይና ጠንካራ ምት ይቀነስለት፣ ሕመሙ ካልለቀቀው ወይም ካነከሰ ሐኪም ይየው።

ሁለት ልጆች እንውሰድ። ሁለቱም 14 ዓመታቸው ነው እንበል። የመጀመሪያው ከኅዳር እስከ መጋቢት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ አድጓል። ዮ-ዮው ከ1,200 ወደ 1,240 ሜትር ሄዷል። ዝላዩ ግን ከ40 ወደ 36 ወርዷል፣ 30 ሜትሩ ከ4.7 ወደ 4.9 ሰከንድ ዘግይቷል። ይህ ልጅ ሩጫ አልጎደለውም። የጎደለው እረፍትና እውነተኛ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው 4 ሴንቲ ሜትር ተመዝዟል። ፍጥነቱ በተመሳሳይ መጠን ቀንሷል፣ ዝላዩ ባለበት ነው፣ ጉልበቱንም አልፎ አልፎ ይዞ ይታያል። ይህኛው ጊዜ ይፈልጋል። በወራት ውስጥ ጡንቻው ይደርስበታል፤ እስከዚያ ሚዛን፣ ቅንጅትና ኳስ ይበዛለት። ሜዳ ላይ ሁለቱም «ደክመዋል» የሚባሉ ናቸው።

በነገራችን ላይ የቁመት መዝገቡ ሌላም ያሳያል። በወረቀት 14 ዓመት ሆኖ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማያድግ ተጫዋች አንዳንዴ ቀድሞ የጎለመሰ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱ ነው የቀነሰው። በመዝገቡ ብቻ ማንንም አትክሰሱ። ግን የዕድሜ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ልጆቹም ወላጆቹም ይወቁ፤ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የአጥንት ዕድገትን የሚያሳይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ምርመራ ይጠቀማል።

ደረጃ 5፦ የሳምንቱን ጫና በአንድ ጥያቄ ያዙ

አራቱ መለኪያዎች የሆነውን ነው የሚነግሯችሁ። እየሆነ ያለውን ለማየት አሜሪካዊው ካርል ፎስተር ያስለመደውን ቀላል ዘዴ ውሰዱ። ልምምድ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያንዳንዱን «ዛሬ ምን ያህል ከበደህ? ከ0 እስከ 10» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በደቂቃው አባዙት። 90 ደቂቃ ሠርቶ 6 ካለ 540 ነው። የሳምንቱን ደምሩ። ልጆቹ ቶሎ ወደ ቤት የሚበተኑ ከሆነ ማታ በቴሌግራም ይላኩላችሁ፤ ለእናንተ ብቻ እንጂ ግሩፕ ላይ አይሁን። ግሩፕ ላይ ከሆነ ሁሉም «3» ይላችኋል።

ቁጥሩ ድንገት ካለፉት ሳምንታት እጥፍ የሆነበትን ልጅ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ያው ጎበዙ ነው። ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል፣ ለሰፈሩ ይጫወታል፣ ለፕሮጀክትም ይጫወታል። ሦስት አሰልጣኝ አለው፤ ሦስቱም «ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የማሠራው» ይላሉ። ልጁ ግን በሳምንት ስድስት ቀን ላይ ነው። መፍትሔው ስልክ አንሥቶ ከሌሎቹ አሰልጣኞች ጋር መነጋገር ነው። ደስ የማይል ስልክ ነው፤ ግን ይደወል።

ደረጃ 6፦ በውድድር መሀል ፍጥነቱን ጠብቁ

ጨዋታው ቅዳሜ ነው፣ ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ነው እንበል።

ማክሰኞ ከማሟሟቂያ በኋላ፣ ማንም ሳይደክም፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ የ20 ሜትር ሙሉ ፍጥነት ይሩጡ። በየመሀሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቁሙ። አሰልጣኞች ትዕግሥታችን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ቆሞ ሲታይ ጊዜ የባከነ ይመስለናል። እረፍቱ ካጠረ ግን ልምምዱ ስሙ ፍጥነት ይሁን እንጂ ሥራው ጽናት ነው። ቆመው ሲያርፉ ኳስ ማንጠር ይችላሉ።

ከዚያ 4 ለ 4 ጨዋታ፦ 4 ደቂቃ ተጫውተው 3 ደቂቃ ዝግ ብለው ይንቀሳቀሱ፣ አራት ዙር። ጽናትን ለመጠበቅ ይህ ይበቃል። በዚሁ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ ቅርጽ፣ በሩጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ የኖርዌይ ጥናት ላይ ወጣት ተጫዋቾች በሳምንት ሁለት ቀን ለስምንት ሳምንት ሠርተው በጨዋታ ላይ የሚሸፍኑት ርቀት በ20 በመቶ ጨምሮላቸዋል። ሜዳውን ዞሮ ዞሮ መሮጥ ለኳስ ተጫዋች ልጅ የምመክረው አይደለም።

በሁለቱም ቀን ማሟሟቂያው ጉዳትን ለመከላከል የተዘጋጀው «ፊፋ 11+» ይሁን። 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ የተለየ ዕቃ አይፈልግም፣ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ነው፤ ለትንንሾቹ ለብቻው የተዘጋጀ አለ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። መሀሉ ላይ ያለውን የኋላ ጭን እንቅስቃሴ አትዝለሉት፦ አንዱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይይዛል፣ ቀጥ እንዳለ ቀስ እያለ ወደፊት ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ያማርራል፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በ3 ድግግሞሽ ጀምሩ፣ ጨዋታ በቀረበበት ሳምንትም አታስጀምሩት።

ሐሙስ አጭርና ቀለል ያለ ይሁን።

ተቀያሪዎቹስ? የብቃት ልዩነት የሚከፈተው እዚህ ነው። ቋሚ ተሰላፊው በየሳምንቱ ትልቁን ልምምድ፣ ማለትም ጨዋታውን፣ ያገኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውለው ደግሞ ጃኬት ለብሶ ቅዳሜን ያሳልፋል። ከሁለት ወር በኋላ ሲገባ ይተነፍሳል፤ «አየህ፣ ብቃት የለውም» ይባላል። ጨዋታው እንዳለቀ ላልተጫወቱት እዚያው ሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ጠንከር ያለ 4 ለ 4 ስጧቸው፣ ሁለት ሦስት ሙሉ ሩጫም ጨምሩ። ሜዳው ለቀጣዩ ቡድን ከተለቀቀ ከጎሉ ጀርባ ያለችውም ቦታ ትበቃለች።

ደረጃ 7፦ ጾሙንና ፈተናውን ደብተሩ ላይ አስገቡ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ጊዜ ውድድር መሀል ላይ ይውላል። ረመዳንም የሚውልበት ዓመት አለ። ልጅ ጾሙን እንዲፈታ ማዘዝ የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም። የአሰልጣኝ ሥራ ሰዓት ማስተካከል ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ልምምዱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ መሀል ላይ በሶ ወይም ሙዝ ይዞ ይምጣ። የጾም ምግብ ደካማ ነው የሚለውን አትቀበሉት፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያንሰው መጠኑ ነው። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ማድረግ ካልተቻለ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀለል ያለውን ሥሩ፤ ወዲያው ውሃ እንዲያገኙ። የመሀል ዘመኑ መለኪያ ጾም ውስጥ ከወደቀ ወይ ቀድሙት ወይ በደብተሩ ላይ «ጾም» ብላችሁ ጻፉ። የትምህርት ቤት ፈተና ሳምንትም እንደዚያው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ዝላዩ ውስጥ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ክረምቱን ባዶ አትተዉት

ከአራተኛው መለኪያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እረፍት ስጡ። ይገባቸዋል። ከዚያ በላይ ምንም ካልተሠራ ግን የጽናት ብቃት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በግልጽ መውረድ ይጀምራል። ፍጥነትና ጉልበት ትንሽ ይቆያሉ። ለክረምቱ የምትሰጡት የቤት ሥራ ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ማንም አይሠራውም። በሳምንት ሁለት ቀን 20 ደቂቃ ሩጫ ወይም የሰፈር ኳስ፣ ሁለት ቀን ገመድ ዝላይና የኋላ ጭኑ እንቅስቃሴ፣ አንድ ቀን አምስት ሙሉ ፍጥነት ሩጫ። ዳገት ካለ ዳገት ላይ፤ አስፋልቱ ከረጠበ ይቅር።

ሌላ ስፖርት የሚሞክር ካለ አትከልክሉት። ደብተሩንም ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት። ወደ ቀጣዩ የዕድሜ እርከን የሚሻገረውን ልጅ ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ለሚረከበው አሰልጣኝ ላኩለት፤ ለወላጁ ከነገራችሁ በኋላ። በአዲሱ ዝግጅት የመጀመሪያ ቀን ከሩጫ በፊት ሁሉንም ግድግዳው ላይ አቁሙና ቁመታቸውን ለኩ። በክረምቱ የተመዘዙት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከሌሎቹ በቀነሰ ጫና ይጀምሩ።